ያላለቀ ቡሉኮ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ኮንሶ የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና

መኪናው ውስጥ ሦስት ትውልድ ተሳፍረናል። እናቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከኋላ ነን። ባለቤቴ ሥራ ስላለበት ከትንሹ ልጃችን ጋር ቤት ቀርቷል። የልጄ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ተዘግቷል፤ እኔም ከዓመት ፈቃዴ የተረፈኝን ወስጃለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ የሚያገኘው 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ልጆች ያሏት ሴት እነዚህ ቀናት የት እንደሚሄዱ ታውቃለች። ጉንፋን ይወስዳቸዋል፣ ለቅሶ ይወስዳቸዋል፣ የወላጆች ስብሰባ ይወስዳቸዋል። ዘንድሮ የተረፉትን ለመንገድ ሰጠኋቸው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። ሥዕልም እሥላለሁ። ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ለሰው ስናገር ለረጅም ጊዜ «እሥል ነበር» ነበር የምለው። በግንቦት ወር ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ሥራዬን እንዳሳይ ተጋብዣለሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝን ያህል ትልልቅ ሥዕል በቀረው ጊዜ አልጨርስም፤ መጋበዙን ግን እምቢ ማለት አልፈልግም። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ የውሃ ቀለም፣ ብሩሾችና ወፍራም ወረቀት አሉ። ኮምፒውተሬም አለ፤ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በፈቃድ ላይ ብሆንም ከእኔ ይጠበቃል። እናቴ፣ ልጄ፣ ቀለሙና ሪፖርቱ አንድ መኪና ውስጥ ገብተው አብረውኝ ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሕይወቴን ሙሉ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ከበር ውጭ አስቀምጬ ኖሬአለሁ። እስቲ ደግሞ አብረው ይሂዱ ብዬ ነው የወጣሁት።

ጢያ ላይ ቆምን። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በቡታጅራው መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ አለ። ልጄ ሰይፎቹን በአንዱ ድንጋይ ላይ ትቆጥራለች፤ እናቴ ደግሞ መቃብር መሆኑን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። እኔ ያየሁት የመስመሩን ጥልቀት ነው። ጠንካራ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ጠርዝ ለማውጣት ቀራጩ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ተቀምጧል? ሚስት ነበረችው? የሚያርሰው መሬት ነበረው? ስለ ጥንት ሠሪዎች ስናስብ ሌላ ሥራ እንዳልነበራቸው አድርገን ነው። አላምንበትም። ያን ድንጋይ የቀረጸው ሰው በመኸር ወቅት መሮውን አስቀምጦ ማጭድ አንሥቷል ብዬ አስባለሁ።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ በላን፤ ለእናቴ ለብለብ፣ ለልጄ በደንብ የበሰለ። ከዚያ በወራቤ አድርገን ሲመሽ ሆሳዕና ገባን።

ማታ አንዲት ዘመዴ ደወለች። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ትንሹን ለማን ትተሽው ነው?» የሚል ነበር። ለአባቱ አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እሱ ይችላል?» አለችኝ። ባለቤቴ በየዓመቱ ለመስክ ሥራ ይወጣል፤ ልጆቹን ለማን እንደተወ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። ዘመዴ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያስበው። ሕጉም ቢሆን ከአገሩ ብዙ አልራቀም፤ ያው አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም ልጆቻችንን ማጠብ የተማረው በእነዚያ ሦስት ቀናት አይደለም፤ ከሥራ መልስ፣ በየማታው፣ እየደከመው ነው የተማረው። እሱ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ስልኩን ዘግቼ ስተኛ ልቤ ሰላም ነበር፤ ከዓመታት በፊት ቢሆን ያ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛኝም ነበር።

ሰኞ፤ ከሆሳዕና በሶዶ ወደ አርባ ምንጭ

ጠዋት ጭጋግ ነበር። እንሰት በየቤቱ ጓሮ ቆሟል፤ ትልልቆቹ ቅጠሎች ጤዛ ይዘው ያንጠባጥባሉ። የወላይታን ቀይ አፈር ስናልፍ ልጄ እንድሥለው ጠየቀችኝ፤ መኪናው እየሄደ ነው ብላት «እንግዲያው ቀለሙን ብቻ ያዢው» አለችኝ። ያዝኩት። ወረቀቱ ላይ ቀይ፣ አጠገቡ አረንጓዴ፣ ከላይ የዳሞታ ተራራ ግራጫ። ሌላ ምንም የለበትም፤ ግን በቂ ነው።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ ሙቀቱ ሲጀምር ልጄ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «እማዬ፣ ሥዕል እያለሽ ለምን ሒሳብ ትሠሪያለሽ? ሒሳቡን ትጠዪዋለሽ?»

አልጠላውም። ይህን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሠዓሊ ቢሮውን መጥላት አለበት የሚል እምነት በሙያ ጓደኞቼ መካከል ሰፍኗል። ቢሮ የሚሠራ ሠዓሊ እንደ እስረኛ ይታያል፤ ነፃ የሚወጣበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው። እኔ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ገቢና ወጪው እስከ ሳንቲሟ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ እወደዋለሁ። ደመወዙም የልጆቼን ትምህርት ይከፍላል፤ የምፈልገውን ብሩሽ ማንንም ሳልለምን እገዛበታለሁ፤ ያልወደድኩትን ሥዕል ለሽያጭ ብዬ አልሠራም። ለልጄ ይህንኑ ነገርኳት። «ሁለቱንም እወዳለሁ፤ የሚቸግረኝ ቀኑ አንድ መሆኑ ነው» አልኳት። እናቴ ከፊት ወንበር ሳትዞር «ቀኑማ ለሁሉም አንድ ነው» አለች።

አባያ ከሩቅ ሲታይ ሾፌሩ ቀስ አለ። ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆቻችን መካከል ትልቁ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ አይደለም፤ ከየገባሩ የሚወርደው ደለል ተንሳፍፎበት ቀይ ቡናማ ሆኗል። ልጄ «ቆሻሻ ነው?» አለች። አይደለም፤ አፈር የተሸከመ ውሃ ነው። ቀለሙን ለመምታት ብዙ ሞከርኩ፤ ቀዩ ሲበዛ ጡብ ይመስላል፣ ሲያንስ ሻይ። አርባ ምንጭ ሸቻ ሰፈር ካለው ማረፊያችን ሆኜ እስኪጨልም እዚያው ሐይቅ ላይ ዋልኩ።

ማክሰኞ፤ ጫሞ

ከሸቻ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፤ ግራው ቀይ፣ ቀኙ ሰማያዊና አረንጓዴ። በመካከላቸው ያለውን የኮረብታ ሰንሰለት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። አንድ ሰማይ ሥር፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ እንዲህ ተነካክተው ቀለማቸው አለመመሳሰሉ ደጋግሞ ያስደንቃል።

ጠዋት ጫሞ ላይ በጀልባ ወጣን። አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አገሬው ያን ቦታ የአዞ ገበያ ይለዋል። ጉማሬዎች ዐይናቸውንና ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው ይመለከቱናል። እናቴ ጀልባ ላይ ስትወጣ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር፤ መመለሻችን ላይ ግን ለቀቀችኝና እጇን ውሃው ውስጥ ልትከት ስትል ጀልባ ነጂው «እናቴ፣ እዚህ እጅ አይነከርም» ብሎ ከለከላት።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱ ተፈለገ። ልጄና እናቴ ከምሳ በኋላ ተኙ፤ እኔ በረንዳ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ እስከ ማታ ሠራሁ። ድሮ ቢሆን ቀኑ ተሰረቀብኝ ብዬ እቃጠል ነበር። ያን ዕለት አልተቃጠልኩም። ጠዋቱን ከልጄና ከእናቴ ጋር ሙሉ በሙሉ ነበርኩ፤ ከሰዓቱን ከቁጥሮቹ ጋር ሙሉ በሙሉ ነበርኩ። ለሥዕል የደረሰው ምንም የለም። የደረሰው ምንም ባለመኖሩም ሠዓሊነቴ አልቀነሰም። ይህን ማለት ብዙ ዓመት ወስዶብኛል።

እየሠራሁ የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እሰማ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና ሕፃን ሳሉ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ናቸው። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። በሐዘን ተጎድተው ከቆዩ በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ በዚያ ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው፣ ከፒያኖ ርቀው ዓመታት አሳለፉ። ከዚያ ግን ተመለሱበት። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙት ሸክላ ገቢው ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ነበር። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ለዓመታት ኖረው በ2015 ዓ.ም. አረፉ፤ 99 ዓመታቸው ነበር። ሰዎች ታሪካቸውን ሲያወሩ የለንደኑ ዕድል ላይ ቆመው ያዝናሉ። ምን ያህል ትልቅ ሰው በሆኑ ነበር ይላሉ። እኔ ግን ያን ፒያኖ ስሰማ የግሸን ዓመታት የጠፉ አይመስለኝም። ዜማው ውስጥ የዝምታው ርዝመት ይሰማል። ለንደን ቢሄዱ ሌላ ጥሩ ሙዚቃ ይጽፉ ይሆናል፤ ይህኛውን ግን አይጽፉትም ነበር። የተነፈጋቸው ነገር ግፍ መሆኑ ሳይረሳ፣ ይህም እውነት ነው።

ረቡዕ፤ ዶርዜ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከታች ሙዝና ማንጎ ነው፤ ከላይ ገብስ፣ እንሰትና ቀርከሃ። ሙቀቱ ከኋላችን ቀርቶ ብርድ ተቀበለን፤ እናቴ ጋቢዋን ጠየቀች።

የዶርዜ ቤት ከሩቅ ሲያዩት ዝሆን ይመስላል ይባላል፤ ከመግቢያው በላይ ወጣ ያለው ክፍል ግንባር፣ ሁለቱ የጭስ መውጫዎች እንደ ዐይን ናቸው። ከቀርከሃ ተሸምኖ በቀርከሃና በእንሰት ቅጠል ይከደናል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ያወርዱታል፤ ስለዚህ ቤቱ በዕድሜው እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሙሉ ቤቱን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ስንገባ ጎንበስ ማለት ነበረብን፤ ባለቤቶቹ ሲሠራ ረጅም ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ጣሪያውን አይነካም ነበር አሉን።

አንዲት ትልቅ ሴት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አማርኛ አይሰሙም፤ እናቴ ጋሞኛ አታውቅም። እናቴ ቆማ ስትመለከታቸው ቆየችና እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ እንዝርቱን ሰጧት። እናቴ ፈትል ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ መጀመሪያ ላይ ክሩ ወፈረ፣ ቀጠነ፣ ተበጠሰ። ቀጠለችና ሄደላት። ሴትዮዋ ክሩን በጣታቸው ዳብሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። የሚያስጎበኘን ወጣት «የደጋ እጅ ነው ይላሉ፤ ጥሩ ነው» ብሎ ተረጎመልን። ልጄም ሞከረች፤ ለእሷ ግን ጥጡ ጥጥ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ አሮጊቶች እሷን እየተመለከቱ፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ በአንድ ነገር አብረው ሳቁ።

ጎረቤት ያለው ሸማኔ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ ተቀምጧል፤ መርገጫውን ይጫናል፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል፣ ማጉን ይመታል። ዕቃው ላይ ያለው ግማሽ የደረሰ ቡሉኮ ነው። መቼ እንደጀመረው ጠየቅኩት።

«ከመስቀል በኋላ» አለኝ።

መስቀል ካለፈ ወራት ሆኗል። ለምን ቆየ አልኩት። ገብስ ታጨደ፤ ሚስቱ ታመመችበት፤ የአጎቱ ለቅሶ ነበር፤ ለልጁ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። በየመካከሉ ሲመለስ ጥቂት ይሠራል።

«ሲቋረጥ አይከፋህም?»

መወርወሪያውን አስቀምጦ ተመለከተኝ። «ሸማው የት ይሄዳል? ድሩ እንደተዘረጋ ይቆየኛል። ስመለስ መጀመሪያ ትንሽ ይከብደኛል፤ አንድ ስንዝር ከሠራሁ በኋላ እጄ ይመለሳል።»

ያቆመበት ቦታ ይታይ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጎንበስ አለና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፤ እዚያ ጋር ማጉ በመጠኑ ጠበቅ ብሏል። «ይህ ለቅሶው ነው» አለኝ። ከፍ ብሎ ሌላ አሳየኝ፤ «ይህ ደግሞ እሷ የታመመች ጊዜ።» ገዢ ያየው እንደሆነ ስጠይቀው «ገዢ ሙቀቱን ነው የሚያየው» አለ።

ቤት ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ግድግዳውን ፊት አድርገው የተደረደሩ ሥዕሎች አሉኝ። አንዱን የጀመርኩት ትንሹ ልጄን ሳረግዝ ነው፤ አንዱ ኦዲት ሲመጣ የቆመ ነው፤ አንዱ አባቴ ያረፈ ሰሞን። እያንዳንዳቸውን ሳይ የማየው ያልጨረስኩትን ነበር። እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ ሁሉም ድራቸው እንደተዘረጋ ነው። ማንም አልቆረጠውም። አባቴ ያረፈ ሰሞን ያቆምኩት ሥዕል ላይ ብሩሹ የቆመበት ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የማስቀምጠው ቀለም የተለየ ይሆናል። ይሁን። ያቆመኝ ነገር የሥዕሉ ባለጋራ አይደለም፤ ሕይወቴ ነው፤ ሥዕሉም ከዚያው ሕይወት ነው የመጣው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሸማኔው ለቅሶ ሲሄድ ሸማው ይቆየዋል። ጥጡን የዳመጠችው፣ የነደፈችው፣ የፈተለችው ሴት ናት፤ እንሰቱን በቀርከሃ የምትፍቀው፣ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ የምታበስለው፣ ውሃና እንጨት የምታመጣውም እሷ ናት። በዶርዜ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፤ የእሷ ሥራ ግን አንድ ቀን ተቋርጦ የሚቆይ አይደለም፤ እራት አይቆይም። ስለ ሚዛን ሲወራ ይህ ይዘለላል። አንዲት ሴት ቤቷን፣ ቢሯዋንና ጥበቧን እንዴት እንደምታስታርቅ ይጠይቋታል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ምን እንደሚይዝ ግን አይጠየቅም። «ጀግና ሴት ሁሉን ትችላለች» የሚለውን ምስጋና ሰምቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉን መቻል አልፈልግም። ጥቂቱን በደንብ መሥራት፣ የቀረውን ከሚያግዘኝ ሰው ጋር መካፈል እፈልጋለሁ።

ምሳ ቆጮ በማርና በዳጣ በላን፤ ረቡዕ ስለሆነ ለእናቴም የተመቸ ነበር። ልጄ ዳጣውን ቀምሳ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ሁለተኛ ግን ጠየቀች።

ሐሙስ፤ ኮንሶ

ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶዋ ከተማ ካራት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በእርከኖቹና በድንጋይ በታጠሩት መንደሮቹ ነው። ኮረብታው ከሥር እስከ ጫፍ በድንጋይ ካብ ተደራርቧል፤ አንዳንዱ ካብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሥራ ከ400 ዓመታት በላይ ሲወራረስ የመጣ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሆነ ቦታ ይናዳል፤ በበጋ ይካባል።

መንደሩ ውስጥ ጠባብ የካብ መተላለፊያዎችን አልፈን ሞራ የሚባለው የማኅበረሰቡ ቤትና አደባባይ ደረስን። እዚያ የቆሙት ረጃጅም ግንዶች የትውልድ ምሰሶዎች ናቸው፤ በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ልጄ ወዲያው አሰላችው። «የሚቀጥለው ዛሬ ቢተከል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሲተከል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይሆነኛል። አንቺ ደግሞ ሃምሳ ዘጠኝ።» እንዲህ ባለ መለኪያ ዕድሜዬን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ስሙን ያላስጠራ ሠዓሊ አለቀለት ሲባል ነው ያደግሁት። ኮንሶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሁለት ግንድ እንኳ አይሞላም።

የእናቴ ጉልበት ደክሞ ስለነበር ልጄ ከአስጎብኚው ጋር ወደ ታችኛው ካብ ወረደች፤ እኔና እናቴ ጥላው ሥር ቀረን። ለረጅም ዓመታት በልቤ የያዝኩትን ነገር እዚያ አወጣሁት። እናቴ በልጅነቴ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ የራሷን ንድፍ ታወጣ ነበር፤ የሰፈሩ ሙሽሮች ከእሷ ዘንድ ይመጡ ነበር። እኛ ስንበዛ አቆመች። እኔ ሠዓሊ የሆንኩት ከዚያ ጥልፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሷ ለእኛ ስትል ያጣችውንም ዕዳ እንዳለብኝ ሆኖ ይሰማኛል። ይህን ነገርኳት።

«ምን አጣሁ?» አለችኝ።

«ጥልፉን።»

«ጥልፉ ሲቀር ፈትል ያዝኩ። ፈትሉ ሲቀር ዳንቴል ያዝኩ። እጄ መቼ ባዶውን ዋለ? አንቺ ስታዝኚልኝ ኖርሽ እንጂ እኔ አላዘንኩም።» ጥቂት ቆየችና ጨመረች፤ «ያዘንኩት ትምህርቱን ነው። እሱ ሲቆጨኝ ይኖራል።»

እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን አዝላ። ስሟን ስትጽፍ ዛሬም ድረስ እያንዳንዱን ፊደል ቆማ ትመለከተዋለች። እንግዲህ ሐዘኔን ሁሉ ጥልፉ ላይ አድርጌ፣ እሷ የምታዝንበትን አላየሁላትም ነበር። ሰው ለእናቱ የሚያዝነው በራሱ ቁስል ልክ ነው መሰለኝ፤ እኔ የፈራሁት ሥዕሌን ማጣት ስለነበር እሷም ያጣችው ያንኑ መሰለኝ። ዕዳው ከላዬ ወረደ። ሌላ ነገር ግን መጣ፤ ስንመለስ ማታ ማታ አብረን የምናነበው ነገር እንዲኖር ጠየቅኳት። መዝሙረ ዳዊትን ራሷ ማንበብ እንደምትፈልግ፣ ፊደሉ እየደቀቀ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ። መነጽር እንደሚያስፈልጋት ያወቅሁት በዚህ ነው።

ልጄ ስትመለስ ኪሷ በጠጠር ተሞልቶ ነበር። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ የካቦቹ ጥላ ኮረብታው ላይ መስመር መስመር ሆኖ ተሰመረ። ያን በአንድ ቁጭታ ሠራሁት፤ ከዚህ ጉዞ በጣም የምወደው ሥራ እሱ ነው። ወረቀቱ ከደብተር ገጽ አይበልጥም።

ዓርብ፤ ወደ ሐዋሳ

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን። እናቴ ተኛች፤ ልጄ አኮረፈች፣ ከዚያ ዘፈነች፣ ከዚያ ተኛች። ቢሮ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ እንዲብራራ ነው፤ መኪናው ውስጥ ሆኜ አብራራሁ። ሶዶ ላይ ሻይ ጠጣን፤ በሻሸመኔ አድርገን ሲመሽ ሐዋሳ ገባን።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ረጅም ጊዜ አወራን። ትንሹ በሁለተኛው ቀን አልቅሶ እንደነበር፣ አሁን ግን በአባቱ ሆድ ላይ ካልሆነ እንደማይተኛ ነገረኝ። ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ለሥዕል እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ፤ በየሳምንቱ፣ እንግዳ ቢመጣም፣ እስከ ስድስት ሰዓት። በሩ ይዘጋ ማለቴ አይደለም፤ ልጆቹ ገብተው ወለሉ ላይ ቢሥሉ ደስ ይለኛል። ግን ገበያው፣ ቁርሱና ስልኩ የእኔ አይሁኑ። ዝም አለ። «ገበያ ላይ አትክልት መምረጥ አላውቅም እኮ» አለ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰምታው ኖሮ «እኔ አብሬው እሄዳለሁ» አለች።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

ጠዋት ሐይቁ ዳር አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ አየን። ከመነሣታችን በፊት ለትርኢቱ አዘጋጅ ደወልኩለት። የተጠየቁትን ትልልቅ ሸራዎች እንደማላደርስ፣ በምትካቸው ከዚህ መንገድ የሠራኋቸውን ትንንሽ የውሃ ቀለም ሥራዎችና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ካሉት አንዱን፣ አባቴ ያረፈ ሰሞን የቆመውን፣ ጨርሼ እንደማመጣ ነገርኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም። መጠናቸውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አንድ ጠባብ ግድግዳ እንዳለው፣ ትልልቅ ሥራ እንደማይሰቀልበት፣ ማን እንደሚወስደው ሲያስብ እንደነበር ተናገረ። ለመግለጫው ከስሜ ሥር ምን ይጻፍ ሲለኝ «ሠዓሊና የሒሳብ ባለሙያ» አልኩት። ሁለቱም ይጻፉ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አልኩት።

ዝዋይ ላይ ለቤት ፓፓያ ገዛን። ልጄ በመንገዱ ሁሉ ከእኔ ወረቀት እየቀደደች ስትሥል ስለነበር የቀረኝ ጥቂት ነው፤ ሞጆ ላይ ቆመን የራሷን ደብተር ገዛሁላት። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ደረስን። ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እናቴን ዐይን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ።